የተላቀቀ ክራንክ፦ የ2023ቱ የሺማኖ ሪኮል ከብስክሌት ሱቅ የሥራ ጠረጴዛ ሲታይ

«ፔዳሉን ስረግጠው ሲጥ ሲጥ ይላል።» ብስክሌት ሱቅ ውስጥ የዚህን ያህል የሚደጋገም ቅሬታ የለም። መንስኤው ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፤ ግራሶው የደረቀ የፔዳል ጥርስ፣ የላላ ብሎን ወይም ያለቀ ኩሽኔታ ይሆናል። ከ2012 እስከ 2019 በተሠሩ በርካታ ውድ የውድድር ብስክሌቶች ላይ ግን ያው ድምፅ ሌላ ነገር ሲናገር ኖሯል። ፔዳሉን የሚሸከመው ክንድ፣ ማለትም ክራንኩ፣ ከውስጥ እየተላቀቀ ነበር። ክራንክ ሲሰበር ደግሞ የሚሰበረው ሰውየው ቀስ ብሎ ሲሄድ አይደለም። ዳገት ላይ ከኮርቻው ተነስቶ፣ ሙሉ ክብደቱን በአንድ እግሩ ላይ ጥሎ ሲረግጥ ነው። ፔዳሉ ከእግሩ ሥር በድንገት ይጠፋል፤ ሰውየው በመሪው ላይ ተከንብሎ አስፋልቱ ላይ ይወድቃል።

ሴፕቴምበር 21 ቀን 2023 የጃፓኑ የብስክሌት ዕቃ አምራች ሺማኖ ጉዳዩን በይፋ አወጀ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሪኮሉ፣ ማለትም ጉድለት ያለበትን ምርት መልሶ የመጥራቱ ዘመቻ፣ በዓለም ዙሪያ 2.8 ሚሊዮን ያህል ክራንኮችን ይመለከታል፤ ከእነዚህ 680,000 ያህሉ በአሜሪካ፣ 80,000 ያህሉ በካናዳ የተሸጡ ናቸው። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ባወጣው ማስታወቂያ መሠረት፣ እስከዚያ ድረስ ከ4,500 በላይ የመላቀቅ ሪፖርቶች ለኩባንያው ደርሰው ነበር። ስድስት ሰዎች መጎዳታቸውም ተመዝግቧል፤ ከጉዳቶቹ መካከል የአጥንት ስብራት፣ የመገጣጠሚያ መውለቅና የቆዳ መቀደድ ይገኙበታል።

ይህን ጉዳይ ለሱቅ ሠራተኛ ከሌሎች ሪኮሎች የሚለየው የአፈጻጸሙ መንገድ ነው። ሪኮል ሲባል ሰው የሚጠብቀው «አምጣና አዲስ ውሰድ» የሚል ነገር ነው። እዚህ ግን ክራንኩ መጀመሪያ በሱቅ ባለሙያ ይመረመራል፤ በነፃ የሚለወጠውም የመላቀቅ ምልክት ከታየበት ብቻ ነው። ምልክት ካልታየበት እዚያው ብስክሌት ላይ ተመልሶ ይገጠማል። በዚህ ውሳኔ የ2.8 ሚሊዮን ክራንኮች ዕጣ በየአገሩ ባሉ የሱቅ ሠራተኞች ዓይንና ጣት ላይ ወደቀ።

አምራቹ ከመጀመሪያውም ሁሉንም ለመለወጥ እንዳላሰበ ከሒሳቡ መረዳት ይቻላል። ሺማኖ በዚያው ዓመት ሂሳቡ ለዚህ ዘመቻ 17.6 ቢሊዮን የን ወጪ መዝግቧል። ለ2.8 ሚሊዮን ሲካፈል ለእያንዳንዱ ክራንክ 6,300 የን አካባቢ ይደርሳል። በዚህ ገንዘብ ኡልቴግራ የተባለው የሺማኖ ውድ ክራንክ አዲሱ አይገዛም፤ ከእሱም በላይ የሆነው ዱራ ኤስማ ጭራሽ የሚታሰብ አይደለም። ገንዘቡ የሚበቃው ለምርመራና ለጥቂቶቹ መተኪያ ነው። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ምርመራውን እንደ ወረቀት ማሟያ ሳይሆን እንደ መጨረሻ በር ጠባቂ ነው የሚሠራው፤ ከእሱ እጅ ካለፈ በኋላ ያንን ክራንክ የሚያይ ሌላ ሰው ላይኖር ይችላልና።

ክራንኩ እንዴት ተሠራ፣ ለምንስ ይላቀቃል

ሆሎቴክ 2 የተባለው የሺማኖ አሠራር ዘንጉ 24 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ክፍት የብረት ቱቦ ሆኖ ከቀኝ ክንድ ጋር በፋብሪካ የተጨመቀበት፣ የግራው ክንድ ደግሞ በሁለት ብሎን የሚታሰርበት ነው። ዘንጉ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ችግር የለበትም። ችግሩ ያለው ክንዱ ላይ ነው። ሪኮሉ በሚመለከታቸው ሞዴሎች ክንዱ ከአንድ ወጥ አልሙኒየም አልተሠራም፤ ሁለት ቁራጭ ነው። አንደኛው እንደ ገንዳ የተቦረቦረ የውጭ ቅርፊት ሲሆን ሌላው ያንን ገንዳ ከኋላ የሚዘጋ ክዳን ነው። ሁለቱ በማጣበቂያ ተያይዘው መሐሉ ባዶ ይሆናል። ክብደቱ የቀነሰውም፣ ጥንካሬው የተገኘውም በዚሁ ብልሃት ነው።

ብረትን በማጣበቂያ ማያያዝ በራሱ ነውር አይደለም፤ የአውሮፕላን አካልም እንዲሁ ይጣበቃል። ነገር ግን ተጣባቂው ገጽ በደንብ ካልተዘጋጀ ወይም ጠርዙ ላይ ውሃ መግቢያ ካገኘ፣ አልሙኒየሙ ከማጣበቂያው ሥር መዛግ ይጀምራል። የአልሙኒየም ዝገት ነጭ ዱቄት ነው፤ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ማጣበቂያውን ከሥሩ እየገፋ ያነሳዋል። ተላቀው የተከፈቱ ክንዶች ውስጥ የሚታየውም ይኸው ነው፤ አንዱ ክፍል አሁንም ንጹሕ ሆኖ የተጣበቀ፣ ሌላው ክፍል በነጭ ዱቄትና በጥቁር ቆሻሻ የተሸፈነ። ጨው ነገሩን ያፋጥነዋል። ጨው ደግሞ ከሁለት ቦታ ይመጣል፤ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ከሚበተነውና ከብስክሌተኛው ላብ። ስለዚህ «ዝናብ ነክቶት አያውቅም፣ ቤት ውስጥ ትሬነር ላይ ብቻ ነው የምረግጠው» የሚለው ደንበኛ ይበልጥ ሊታይለት ይገባል እንጂ ሊታለፍ አይገባም። ትሬነር ላይ ነፋስ የለም፤ ላቡ ቀጥ ብሎ ክራንኩ ላይ ይንጠባጠባል፣ ማንም አያጥበውም።

መላቀቁ ይበልጥ በቀኝ ክንድ የሚታየውም ያለ ምክንያት አይደለም። የግራው ክንድ የሚሸከመው የግራ እግርን ጉልበት ብቻ ነው። ያ ጉልበት በዘንጉ በኩል ወደ ቀኝ ይሻገርና የቀኝ እግር ጉልበት ታክሎበት ወደ ፊት ማርሹ ይገባል። የሁለቱም እግር ጉልበት የሚገናኘው የቀኙ ክንድ ግርጌ ላይ ነው፤ ዘንጉ፣ ክንዱና ማርሹን የሚይዙት አራት ጣቶች አንድ በሚሆኑበት ቦታ። ዓይን መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው።

የትኛው ነው የሚመለከተው

አምስት ሞዴሎች ናቸው፦ ኡልቴግራ ኤፍሲ-6800 እና ኤፍሲ-አር8000፣ ዱራ ኤስ ኤፍሲ-9000፣ ኤፍሲ-አር9100 እና የጉልበት መለኪያ ያለው ኤፍሲ-አር9100ፒ። ሁሉም ባለ 11 ማርሽ ዘመን ናቸው፤ ከጁን 2012 እስከ ጁን 2019 የተመረቱት ብቻ በሪኮሉ ይካተታሉ። ከጁላይ 2019 ወዲህ የወጡት ተመሳሳይ ሞዴሎች አይካተቱም። ባለ 12 ማርሾቹ ኤፍሲ-አር8100 እና ኤፍሲ-አር9200ም አይካተቱም። 105 የሚባለው የመካከለኛ ዋጋ ክራንክ በዚህ ሪኮል የለበትም። ዜናውን በግማሽ ሰምተው የሚመጡት ግን ብዙዎቹ የ105 ባለቤቶች ናቸው፤ ሞዴሉን አሳይቶ፣ አረጋግቶ መሸኘት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

የሞዴሉ ቁጥር ክንዱ ከጀርባው ላይ ተጽፏል። የምርት ጊዜውን የሚናገረው ግን ባለ ሁለት ፊደል ምልክት ነው፤ እሱም ከክንዱ ጀርባ፣ ፔዳሉ በሚታሰርበት ጫፍ አካባቢ ይገኛል። ፊደሎቹ ላቲን ናቸው። የመጀመሪያው ፊደል ዓመቱን፣ ሁለተኛው ወሩን ይናገራል። ‘ኬ’ 2012 ነው፣ ‘ኤል’ 2013፣ ‘ኤም’ 2014፣ እንዲህ እያለ ‘ኪው’ 2018፣ ‘አር’ 2019 ይሆናል። ወሩ ከ‘ኤ’ ጀምሮ ይቆጠራል፤ ‘ኤ’ ጃንዋሪ፣ ‘ኤፍ’ ጁን፣ ‘ኤል’ ዲሴምበር ነው። ስለዚህ የሪኮሉ መነሻ ‘ኬ-ኤፍ’ ሲሆን መጨረሻው ‘አር-ኤፍ’ ነው፤ በመካከሉ 85 ወር፣ 85 ምልክት አለ። ‘አር-ጂ’ ያየ ሰው ከጁላይ 2019 የወጣ ክራንክ ይዟል ማለት ነው፤ ‘አር-ኢ’ ያየ ግን ውስጥ ነው።

ምልክቱን ማንበብ ቀላል ይመስላል፤ ስህተት የሚበዛበት ግን እዚህ ነው። ‘ኦ’ እና ‘ኪው’ በተፋቀ ክንድ ላይ አንድ ይመስላሉ። ሁለቱም በሪኮሉ ስለሚካተቱ እዚህ ላይ የሚመጣ አደጋ የለም፤ አደጋው ‘አር-ኤፍ’ን ‘አር-ጂ’ አድርጎ ማንበቡ ላይ ነው። ‘ኤፍ’ን ‘ኢ’ ብሎ ያነበበ ምንም አላጠፋም፤ ‘ጂ’ ብሎ ያነበበ ግን መመርመር ያለበትን ክራንክ ሳይመረምር ሰደደ። ምልክቱ በግልጽ ካልተነበበ ክራንኩን እንደሚካተት ቆጥሮ መመርመር ይሻላል። ሌላው ወጥመድ፣ በአንድ ብስክሌት ላይ ያሉ ሁለት ክንዶች ዕድሜያቸው ሊለያይ መቻሉ ነው። ወድቆ የግራውን የቀየረ ወይም የጉልበት መለኪያ ያለበት የግራ ክንድ ለብቻው የገዛ ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ የሁለቱም ምልክት ይጻፋል። የሌላ ድርጅት የጉልበት መለኪያ የተለጠፈበት ክንድ ከሆነ፣ ደንበኛው የመለኪያውን አምራችም ማነጋገር አለበት።

ማውለቅ

ክራንኩ ብስክሌቱ ላይ እንዳለ አይቶ መፍረድ የዚህ ሥራ ትልቁ ጥፋት ነው። ስፌቱ፣ ማለትም ሁለቱ ቁራጮች የተጣበቁበት መስመር፣ ያለው ከጀርባ ነው። ጀርባው ደግሞ ከፍሬሙ ጋር ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ተራርቆ፣ በካቴና ዘይትና በአቧራ ተለውሶ ነው የሚገኘው። መውለቅ አለበት።

ብስክሌቱ መስቀያው ላይ ይሰቀልና ካቴናው ወደ ትንሹ የፊት ማርሽ ይወርዳል። በግራው ክንድ ላይ ያሉት ሁለት ብሎኖች በ5 ሚሊሜትር ብሩጎላ በየተራ ይላላሉ፤ አንዱን ጨርሶ ፈትቶ ወደ ሁለተኛው መሄድ ክንዱን ያጣምመዋል። ከዚያ የጫፉ ፕላስቲክ ክዳን በራሱ መፍቻ ይፈታል፤ ኮከብ ቅርጽ ያላት ትንሽ ፕላስቲክ መፍቻ ናት፣ ሺማኖ ቲኤል-ኤፍሲ16 ይላታል። በሁለቱ ብሎኖች መካከል ያለችው ቀጭን የፕላስቲክ መቆለፊያ በቀጭን ካቻቢቴ ወደ ላይ ትነሳለች። በእሷ ላይ ያለችው ትንሽ ፒን ዘንጉ ላይ ባለው ቀዳዳ ውስጥ ስለምትገባ፣ ሳያነሱ ክንዱን የጎተቱ እንደሆነ ትሰበራለች። አሁን የግራው ክንድ በእጅ ይወጣል። ካቴናው ከማርሹ ወርዶ ፍሬሙ ላይ ይንጠለጠላል፤ የዘንጉ ጫፍ በፕላስቲክ መዶሻ ቀስ ተብሎ ሲመታ የቀኙ ክንድ ከነዘንጉ በሌላው ወገን ይወጣል። የብረት መዶሻ እዚህ ቦታ የለውም።

ማጽዳቱ ከማውለቁ ይበልጣል። በቅባት ማጽጃና በብሩሽ ከታጠበ በኋላ በአልኮል ይወለወላል፤ ከዚያ በደንብ እንዲደርቅ ይተዋል። መከላከያ ላስቲክ፣ ግልጽ ተለጣፊ ወይም የጫፍ ቡት ካለ ይነሳል። ተለጣፊው ከሥሩ ውሃ ይዞ ስለሚኖር ስፌቱን የሚደብቀውም፣ የሚያበላሸውም እሱ ሊሆን ይችላል። ስፌቱ ላይ ዘይት ወይም የሚሰርግ ፈሳሽ መርጨት አይገባም፤ ትንሽ ክፍተት ካለ ይሞላውና ምልክቱን ያጠፋዋል።

ምን ይታያል

የጽሑፉ ዋና ቁም ነገር ይህ ክፍል ስለሆነ ቀስ ብሎ ማየት ይገባል። ባትሪ ወይም ጠንካራ መብራት ከጎን፣ ከክንዱ ጋር ሊተኛ በደረሰ አንግል ይያዛል። ከላይ ቀጥ ብሎ የመጣ ብርሃን ጥላ አያወጣም፤ ከጎን የመጣ ግን ፀጉር የምታህል ከፍታ ብትኖር እንኳ ጥቁር መስመር ያሰምርባታል። አሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ አጉሊ መነጽር ሥራውን ይለውጠዋል። ስፌቱ ከዘንጉ ግርጌ ተጀምሮ በክንዱ ሁለት ጠርዝ እስከ ፔዳሉ ጫፍ ይከተላል፤ ከዚያ በማርሹ ጣቶች ሥር ይዞራል። ጤነኛ ስፌት እኩል፣ ወጥ፣ ሁሉ ቦታ አንድ ዓይነት የሆነ መስመር ነው። የሚፈለገው ወጥነቱ የተቋረጠበት ቦታ ነው።

በጠርዙ ላይ እንደ ዱቄት የሚታይ ነጭ ነገር ካለ ከሁሉ የተሻለ ምስክር እሱ ነው። ከተወለወለ በኋላ ቆሻሻ ብቻ የነበረው ይጠፋል፤ ዝገቱ ግን ስፌቱ ውስጥ እንደ ነጭ ክር ተቀብሮ ይቀራል። ቀለሙ በስፌቱ ዳር ተነፍቶ ወይም ተላጦ ከታየ ከሥሩ ዝገት እየገፋው ነው። ጥፍርን በስፌቱ ላይ ማስኬድም ያስተምራል፤ ሁሉ ቦታ እኩል ሲንሸራተት ቆይቶ አንድ ቦታ ላይ የሚይዝ ከሆነ የውጭው ቅርፊትና ክዳኑ ከፍታቸው ተለያይቷል። በሁለት አውራ ጣት ክንዱን ከዘንጉ አጠገብ ጨመቅ ማድረግ ደግሞ ብዙዎች የማያውቁት ነገር ነው። ከታጠበና ላዩ ከደረቀ በኋላ የተላቀቀ ክንድ ሲጨመቅ መስመሩ ይረጥባል፤ በውስጡ የተያዘው ውሃ እንደ ላብ ወደ ውጭ ይወጣል። ያንን ያዩ እንደሆነ ሌላ ማስረጃ መፈለግ አያስፈልግም።

ከክንዱ ውጭም ፍንጭ አለ። የፊት ማርሹን በእጅ እያዞሩ ከፊት መለወጫው ጋር ያለውን ርቀት ማየት ነው። ማርሹ ራሱ ሳይጣመም፣ ብሎኖቹ ጠብቀው እያለ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ የያዙት ጣቶች እየተነሱ ሊሆን ይችላል። «የፊት ማርሼ ከጊዜ ወደ ጊዜ መስተካከል እምቢ አለኝ» የሚል ደንበኛ ይህንን እየነገረን ሊሆን ይችላል።

ድምፅን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሲጥታ ካለ ክራንኩ ነው ማለት አይደለም፤ ከሌለም ደህና ነው ማለት አይደለም። ድምፁን ለይቶ ለማወቅ ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ተነስቶ ሲረገጥና ተቀምጦ ሲረገጥ ድምፁ ይለያይ እንደሆነ ይታያል፤ ተቀምጦ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ኮርቻና የኮርቻው ዘንግ ናቸው። ከዚያ ፔዳሎቹ ይወጣሉ፣ ጥርሳቸው ይጸዳል፣ ግራሶ ተቀብተው ከ35 እስከ 55 ኒውተን ሜትር (የማጥበቅ ኃይል መለኪያ ነው) ይታሰራሉ። የግራ ፔዳል ጥርስ ግልባጭ መሆኑን አለመርሳት ነው። ቀጥሎ አራቱ የማርሽ ብሎኖች ከ12 እስከ 16 ኒውተን ሜትር ይጠበቃሉ። የፍሬሙ ኩሽኔታ ተጨምቆ የሚገባው ዓይነት ከሆነ እሱም ይመረመራል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ድምፁ ካልጠፋ፣ ክራንኩ በዓይን ንጹሕ ቢመስልም ጥርጣሬው እሱ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ክራንክ ያለፈ ተደርጎ መመዝገብ የለበትም፤ ፎቶና የድምፁ ምርመራ ውጤት ተያይዞ ለአምራቹ ወኪል ይላካል።

የሚሳሳቱበት ቦታ

በዚህ ሪኮል ክርክር ያስነሳው ይኸው በዓይን የማየት ነገር ነው። ሪኮሉ በታወጀ ብዙም ሳይቆይ በአሜሪካ ባለቤቶች ተሰባስበው በካሊፎርኒያ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሺማኖን ከሰሱ። የክሱ ፍሬ ነገር፣ ጉድለቱ በሁሉም ክራንኮች አሠራር ውስጥ እያለ የሚለወጠው ግን ከላይ ምልክት ያሳየው ብቻ መሆኑ ነው። የሱቅ ባለሙያ በክሱ ላይ ፈራጅ ባይሆንም የሚያውቀው ነገር አለ፦ መላቀቅ የሚጀምረው ከውስጥ ነው፤ ስፌቱ ላይ የሚደርሰው በኋላ ነው። ዛሬ ንጹሕ የሆነ ክራንክ ከስድስት ወር የዝናብ ወቅት በኋላ ሌላ ነው።

ስለዚህ «አልፏል» የሚለውን ቃል ለደንበኛው እንዴት እንደሚነግሩት ከመፍቻው ያልተናነሰ ሥራ ነው። «ደህና ነው፣ አያሳስብህ» ብሎ መሸኘት ጥፋት ነው። «ዛሬ ምልክት አላየንም፤ ምርመራው የዛሬውን ነው የሚናገረው፤ ድምፅ ከሰማህ ወይም ማርሹ መወዛወዝ ከጀመረ እግርህን አንሥተህ ወደዚህ አምጣው» ማለት ይገባል። ደንበኛው ተናደደ እንደሆነ ንዴቱ ትክክል ነው፤ ብስክሌት ከገዛ በኋላ ምርመራ እየቀጠለለት የሚኖር ሰው ማነው ደስ የሚለው? ብዙ ሱቆች ያለፉትን ክራንኮች በዓመታዊው ሰርቪስ ላይ እንደገና ማውለቅን እንደ መደበኛ ሥራ ወስደውታል፤ ኩሽኔታውንም በዚያው ማየት ስለሚቻል ጊዜው አይባክንም።

መልሶ መግጠሙ ላይም ብዙ ይበላሻል። ደህና የነበረ ክራንክ ምርመራ ገብቶ ተበላሽቶ የወጣበት ጊዜ አለ። ዘንጉ ግራሶ ይቀባል፤ የግራው ክንድ ሲገባ በዘንጉ ጥርሶች መካከል ያለው ሰፊው ጥርስ ከቦታው ጋር መገናኘት አለበት፣ አለበለዚያ ሁለቱ ክንዶች ቀጥታ ተቃራኒ አይሆኑም። የጫፉ ክዳን የሚጠብቀው ከ0.7 እስከ 1.5 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው፤ ይህ በሁለት ጣት ከሚጠበቅ ብዙም አይበልጥም። ሥራው የጎን ልቅነትን ማጥፋት እንጂ መጭመቅ ስላልሆነ ከዚህ በላይ የጠበቀ ክዳን ኩሽኔታውን ይበላዋል። መቆለፊያዋ ተጭና ፒኗ ቀዳዳው ውስጥ መግባቷ ይረጋገጣል። ከዚያ ሁለቱ ብሎኖች በየተራ፣ ትንሽ በትንሽ፣ ከ12 እስከ 14 ኒውተን ሜትር ይታሰራሉ። አንዱን እስከ መጨረሻው አጥብቆ ሁለተኛውን ማጥበቅ የተለመደ ስህተት ነው፤ ሁለተኛው ሲጠብቅ የመጀመሪያው ይላላል። እንዲህ የላላ ክንድ በመንገድ ላይ የዘንጉን ጥርስ ይበላና ከሪኮሉ ጋር ምንም ያልተያያዘ አዲስ ብልሽት ይወልዳል።

ወረቀቱ፣ መለዋወጫውና የሱቁ ሰዓት

ኮሚሽኑ ባለቤቶች ክራንኩን ወዲያው መጠቀም እንዲያቆሙና ወደ ሺማኖ ፈቃድ ያለው ሱቅ እንዲሄዱ ነበር ያሳሰበው። ይህ በሱቅ ቋንቋ ሲተረጎም ብስክሌቱ ቆሟል፣ ባለቤቱም እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ምርመራው በኦክቶበር መጀመሩ በአሜሪካና በአውሮፓ ላሉ ሱቆች ዕድል ነበር፤ ወቅቱ ሥራ የሚቀዘቅዝበት ነው። ማውለቅ፣ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ማየት፣ ፎቶ ማንሳትና መልሶ መግጠም በጥንቃቄ ሲሠራ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። አሥር ብስክሌት ማለት የአንድ ሰው አምስት ሰዓት ነው። በአሥር ደቂቃ የጨረሰው ክራንኩን አላወለቀም።

ለእያንዳንዱ ክራንክ የሚጻፈው የሞዴሉ ቁጥር፣ የሁለቱም ክንዶች የምርት ምልክት፣ የክንዱ ርዝመት፣ የማርሾቹ ጥርስ ብዛትና የፍሬሙ ቁጥር ነው። ፎቶው ቢያንስ ሦስት ነው፤ የምርት ምልክቱ፣ ሙሉ ጀርባው፣ የተጠረጠረው ቦታ ከቅርብ። ርዝመቱን መዘንጋት የሚያስከፍለው ጊዜ ነው። ኡልቴግራ አር8000 በ165፣ 170፣ 172.5 እና 175 ሚሊሜትር ይመጣል፤ 170 እና 172.5 በዓይን አይለዩም፣ ክንዱ ላይ ተጽፎ ነው የሚገኘው። ማርሹም 53-39፣ 52-36፣ 50-34 ወይም 46-36 ሊሆን ይችላል። የተሳሳተ ርዝመት የታዘዘለት ደንበኛ ለሳምንታት ያለ ብስክሌት ይቀመጣል። ልምድ ያላቸው ሱቆች ለዚህ ጊዜ የሚያውሱት አንድ ሁለት ያገለገለ ባለ 24 ሚሊሜትር ዘንግ ክራንክ መደርደሪያ ላይ ያኖራሉ። ርካሽ ነገር ነው፤ ደንበኛው ግን አይረሳውም።

ሪኮሉ የማይደርስበት ገበያ

ሪኮሉ የተዘረጋው በተፈቀደላቸው ሱቆች መረብ ላይ ነው። ያገለገለ ብስክሌት ግን መረብ አይጠብቅም። በዋሽንግተንም ሆነ በፍራንክፈርት ያገለገለ የውድድር ብስክሌት በርካሽ ገዝቶ ለወንድሙ ወይም ለሠፈሩ ልጅ ወደ አዲስ አበባ በሻንጣ የሚልክ ሰው፣ ምናልባት በ2016 የተሠራ ኡልቴግራ እየላከ ነው። ዋጋው የወረደውም በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ዓይነት ብስክሌት የሚገዛ ሰው ከመክፈሉ በፊት ብስክሌቱን ገልብጦ የቀኙን ክንድ ጀርባ በስልክ ባትሪ ይይ፤ ሁለቱን ፊደሎች ያንብብ። ከ‘ኬ-ኤፍ’ እስከ ‘አር-ኤፍ’ ባለው ውስጥ ከሆነ፣ ሻጩ ያስመረመረበትን ማስረጃ ይጠይቅ። ማስረጃ ከሌለ እዚያው አገር ሳለ ፈቃድ ያለው ሱቅ ወስዶ ማስመርመር ይሻላል፤ ምርመራውም፣ ምልክት ከታየበት መለወጡም በነፃ ነው። አገር ቤት ከገባ በኋላ ያ ነፃ አገልግሎት በእጅ ላይ አይገኝም፤ የሚቀረው ክራንኩን ማውለቅ፣ ማጠብና በጥሩ መብራት ማየት ነው፣ እሱም ከላይ በተጻፈው መንገድ በማንኛውም ጥሩ ጋራዥ ይሠራል። ጥርጣሬ ካለ በዚያ ክራንክ ዳገት ከመውጣት ይልቅ ደህና የሆነ አሮጌ 105 ገጥሞ መንዳት ይመረጣል። ክብደቱ ትንሽ ይጨምራል እንጂ ሪኮሉ አይመለከተውም።

ምርመራውን የወደቀው ክራንክስ? አምራቹ ይመለስ ካለ ታሽጎ ይመለሳል። በሱቁ ይወገድ ከተባለ ደግሞ ወደ ቁርጥራጭ ሳጥን ከመወርወሩ በፊት በመጋዝ መሐል ለመሐል ይቆረጣል፤ ሁለቱም ክንዶች። ሙሉ ሆኖ የተጣለ ዱራ ኤስ ከቆሻሻ ውስጥም ያብለጨልጫል፣ የሚያነሳው እጅም አይጠፋም።